«እንትን» ባለ ልጅ አንሣቅ



ከመካከላችን በንግግሩ የራሱ ልማድ የሌለው ማን አለ? አንዱ ሦስት ቃል በተናገረ ቁጥር «እንትን» ይላል። ሌላው ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ «ማለት ነው» ብሎ ይዘጋል። «አዎ» በማለት ፈንታ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ የሚያደርግም አለ። ባለቤቱ ልማዱን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲነግረው ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። አንድ ልጅ ሊመልስ ይነሣል፤ ከኋላ የተቀመጡት ስንት ጊዜ «እንትን» እንዳለ በጣታቸው ይቆጥራሉ። በማግስቱ ልጁ ቃላቱን አንድ በአንድ መመርመር ይጀምራል፤ ውኃ የሞላ ባልዲ ተሸክሞ እግር እግሩን እያየ እንደሚሄድ ሰውም ይደናቀፋል። በሳምንቱ እጁን ማንሣት ይተዋል። መልሱን ግን ያውቀው ነበር!

ለመሆኑ የ«እንትን» ጥፋቱ ምንድን ነው? ትክክለኛው ቃል እስኪመጣ ቦታ ይዞ የሚጠብቅ ቃል ነው። ዓረቡ «ያዕኒ» ይላል፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም «ያኒ» ይላል። ሁሉም ሰው ሲያስብ ትንሽ ጊዜ ያስፈልገዋል።

የአነጋገር ዘዬም እንዲሁ ነው። «ጠሐይ» ባለችው ልጅ የምንሥቅ ሰዎች፣ ሳይበላ ያደረውን ሰው «ጦሙን አደረ» እንላለን። «ጸ» በእኛም አፍ «ጠ» ሆኗል ማለት ነው። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ እዚሁ የተወለዱ ልጆችም በአማርኛቸው መካከል «ፖሌ» ወይም «ሳሳ» ቢሉ አይግረመን። «መኪና» እና «ፋብሪካ» ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ዛሬ ግን ማንም አይሥቅባቸውም።

ልጅ አይታረም ማለቴ አይደለም። የጽሑፍ አማርኛ ሥርዓት አለው፤ ደብተር ላይ ይታረማል። ሲናገር ግን እስኪጨርስ እንጠብቀው፤ ከዚያም ትክክለኛውን ቃል በእኛ መልስ ውስጥ ይስማው። በጓደኞቹ ወይም በእንግዳ ፊት አነጋገሩን አስመስሎ ማሣቅ ትምህርት አይሆንም።

ነቢዩ ሙሴ አንደበቱ እንደማይፈታለት ለፈጣሪው መናገሩ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም ተጽፏል። ይሁን እንጂ ወደ ፈርዖን የተላከው እርሱው ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ለስደተኛ መናገር ቅንጦት አይደለም። በቃለ መጠይቅ ቀን የደረሰበትን በራሱ አፍ ማስረዳት አለበት። በክሊኒክ የት እንደሚያመው መናገር አለበት፤ ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ እዚያ የምታስተረጉሙት በልጆቻችሁ ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» ቢባልም፣ በዚያ ቀን ዝም ማለት ብዙ ያሳጣል። ዛሬ ተሥቆበት ዝምታን የለመደ ልጅ ያን ቀን ከየት አምጥቶ ይናገራል?

ስለዚህ ተማሪዎች፣ «እንትን» እያላችሁም ቢሆን የጀመራችሁትን ጨርሱ። ከኋላ ተቀምጣችሁ የምትቆጥሩም፣ ጓደኛችሁ የሚለውን አዳምጡ፤ ያልገባችሁም ካለ እጃችሁን አንሥታችሁ ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።