የግቤ ቆላና የመስቀል ቅቤ

ከቸሃ ደጋ ወደ ግቤ ወንዝ ሲወረድ እንሰቱ ቀስ በቀስ ቀርቶ ግራሩና ረጅሙ ሣር ይጀምራል። ዳርቻው ላይ ጉማሬ አለ፣ ወፉም ብዙ ነው። ግቤ የጉራጌ ዞንን ከጅማና ከየም የሚለይ ወሰን ነው።

ደጋው ላይ መሬት ጠቧል። ወንድማማቾች የአባታቸውን ጓሮ ሲካፈሉ ለታናሹ የሚደርሰው ጥቂት እንሰት ነው። ስለዚህ አንዱ መርካቶ ይገባል፣ ሌላው ቆላ ወርዶ በቆሎና ማሽላ ያርሳል። እዚያ ደግሞ ለሰው ወባ፣ ለከብት ገንዲ ይጠብቀዋል። ገንዲ በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በሬው ይከሳል፣ ላሚቱ ትነጥፋለች። ለመስቀል ቅቤ በዕቁብ የምታጠራቅም እናት ጉዳቱን ታውቀዋለች።

ለዘመናት ያን ጫካ የጠበቁት እነዚሁ በሽታዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች በግቤ ሸለቆ በፀረ ተባይ የተነከረ ጨርቅ እየሰቀሉ፣ በከብት ጀርባም መድኃኒት እያፈሰሱ ዝንቡን ቀነሱት። ከብቱ ዳነ፣ በበሬ የሚታረሰው መሬት ሰፋ፤ ደኑ ግን ሳሳ። ዛሬ የግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ አለን። ሆኖም ለጨውና ለዘይት መግዣ ያጣን አባወራ «ግራር ቆርጠህ ከሰል አታክስል» ማለት ብቻ አይበቃም። ሌላ ገቢ ያስፈልገዋል።

የመድኃኒቱም ነገር ያሳስበኛል። በዚያው ሸለቆ ገንዲ መድኃኒቶቹን እንደተላመደ በጥናት ታይቷል። ከገበያ ገዝቶ በግምት መውጋት ችግሩን ያብሰዋል። ነርስ ሆኜ ስሠራ የወባ ክኒን ጀምረው ትኩሳቱ ሲበርድ የቀረውን ለሌላ ቀን የሚያስቀምጡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። የሰውም የከብትም መድኃኒት በልኩ ተሰጥቶ እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት።

ለመስቀል አገር ቤት የምትገቡ ልጆች፣ ቆላ ለሚያርሰው ወንድማችሁ ከልብሱ ጋር የንብ ቀፎ ወይም የእንስሳት ሐኪም ወጪ ጨምሩለት። ማር የሚቆርጥ ሰው አበባ የሚሰጠውን ዛፍ ለከሰል አይቸኩልበትም። አጎበርም አትርሱ። እናቶች ደግሞ፣ ልጃችሁ ከቆላ ተመልሶ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ቢያተኩሰው «ብርድ ነው» ብላችሁ አታሳድሩት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይመርመር፣ ቆላ እንደነበረም ለባለሙያው ይንገር።