«እግሬ አውጪኝ» ያልነው እግር ሲያብጥ

ብዙዎቻችንን ከአገር ያወጣን እግራችን ነው። «እግሬ አውጪኝ» ብለን በሱዳኑም በኬንያውም በኩል የተሻገርንበት እግር ዛሬ ላስ ቬጋስ ላይ በቀን 12 ሰዓት ታክሲ ውስጥ ታጥፎ ይውላል። የዛሬው ወጋችን ስለዚሁ እግር ነው፤ አስተማሪዬም የራሴው ግራ እግር።

ባለፈው ሐምሌ አስፋልቱ በሚጋይበት ሰሞን የግራ ባቴ ከበድ አለኝ። በማግሥቱ አበጠ፤ ሲነኩት ይሞቃል፣ ሲረግጡበት ያማል። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። አንዱ «ጅማት ዞሮብህ ነው፣ ይታሽልህ» አለኝ። ሌላው «ዝሆኔ እንዳይሆን» ብሎ ቀለደ። አገር ቤት ነርስ የነበሩ አንድ ታላቃችን ግን ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን አስተያዩና «ስማ፣ ዝሆኔ በዓመታት ነው የሚያሳብጠው። አንድ እግር ብቻ በአንድ ቀን ሲያብጥ ደም ረግቶ ይሆናል። ማንም እንዳያሽህ፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ» አሉኝ።

«ኢንሹራንስ የለኝም እኮ ጋሼ!»

«ሬሳህን አገር ቤት ለመላክ ከምናዋጣ ዕዳው ይሻላል።»

ሄድኩ። ሐኪሙ በቅድሚያ ጥያቄ አዘነበብኝ። ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ? በቅርቡ ኦፕራሲዮን ሆነሃል? ካንሰር ነበረብህ? ከቤተሰብህ ደም የረጋበት አለ? (ሴቶችን ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ መከላከያ ክኒን ይጠይቃሉ።) ቀጥሎ ሁለቱን ባቶቼን በሜትር ለካ፤ ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጥርጣሬው ይጨምራል።

ዲ-ዳይመር የሚባል የደም ምርመራም አለ። የረጋ ደም ሲሟሟ የሚተወውን ቅሪት የሚፈልግ ነው። ጥርጣሬው አነስተኛ ሆኖ ውጤቱም ዝቅ ካለ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ከፍ ማለቱ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ኢንፌክሽንም እርግዝናም ከፍ ያደርጉታልና። ቁርጡን የሚናገረው አልትራሳውንድ ነው። ጤነኛ የደም መላሽ ሥር በመሣሪያው ጫን ሲሉት ይጨፈለቃል፤ ደም የረጋበት አይጨፈለቅም። የእኔ አልተጨፈለቀም።

ይህ የሽማግሌ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዴቪድ ብሉም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2003 ኢራቅ ጦር ሜዳ ላይ የሞተው በጥይት አይደለም። ለቀናት በጠባብ የጦር ተሽከርካሪ ውስጥ ታጥፎ ሲጓዝ እግሩ ላይ የረጋው ደም ሳንባው ገብቶ ነው። ዕድሜው 39 ነበር። ነገሩን ስሰማ የራሴ መኪና ወንበር ታወሰኝ።

እኔ ዛሬ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን እውጣለሁ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ግን ጎመናችሁን ልብ በሉ። በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል። መጠኑን አታለዋውጡ፤ ለሐኪማችሁም «ጾም ገባ» ብላችሁ ንገሩ።

አደራዬ ይህ ነው፦ አንድ እግር በድንገት ካበጠ በዚያው ቀን ታዩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ሳል ደም ከቀላቀለ 911 ደውሉ፤ ራሳችሁ አትንዱ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ገንዘብ የለውም ብሎ ሳይመረምሩ መመለስን ይከለክላል። ቢሉ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ቅናሽና የክፍያ ጊዜ መጠየቅ ነው። ተራ ስትጠብቁም ወርዳችሁ ተንጎራደዱ። «ሽንት ቤት ይወስደኛል» ብላችሁ ውኃ መጠጣት አትተዉ፤ እኔ ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

እኒያ ታላቃችን አሁንም ኤርፖርት ተራ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታ ሳይሰጡኝ «እስቲ ሱሪህን ሰብስብ» ይሉኛል። እኔም እሰበስባለሁ።