ልዕለ ጀግኖችና የመቅደላ ገደል

በመኝታ ቤት ደጃፍ፣ በሻይ ሰዓት፣ አንዳንዴም በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ «ዝም በሉ» እስክንባል ድረስ ከምንከራከርባቸው ነገሮች አንዱ የልዕለ ጀግኖች ነገር ነው። ክርክሩ ሦስት ወገን አለው። አንደኛው ወገን «ፊልሙ የሥዕል መጽሐፉን አበላሸው፤ ጀግናው እንዲህ አልነበረም» ይላል። ሁለተኛው «ፊልም ፊልም ነው፤ መጽሐፍ የወደደ መጽሐፉን ያንብብ» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ወገን በሁለቱም ይስቅና «መጎናጸፊያ ለብሶ ስለሚበር ሰው መጨቃጨቅ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይገባም» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱንም ወገኖች መጠየቅ ነው። ከሦስተኛው ልጀምር። ሕዝብ የሚወደው ጀግና ሕዝቡ ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚመኝ የሚታይበት መስተዋት ነው። አያቶቻችን ስለ ካሣ ኃይሉ ሲያወጉ፣ ስለ ገብርዬ ሲያንጐራጉሩ ሥራ ፈትተው አልነበረም። እኛ ደግሞ ስለ ባትማን ስንከራከር ሳናውቀው የምንከራከረው ኃይል ለማን ይገባል፣ በምንስ ይገታል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ የዩኒቨርሲቲ ጥያቄ ካለ ይነገረን።

አሁን ወደ አንደኛው ወገን ልመለስ። «ጀግናው እንዲህ አልነበረም» የሚል ሰው ከሁሉ በፊት ጀግናው መጀመሪያ እንዴት እንደነበረ ማወቅ ይኖርበታል። ሱፐርማንን እንውሰድ። ዛሬ የምናውቀው ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. ለገበያ ሲወጣ አይበርም ነበር፤ ይዘል ነበር እንጂ። መብረርን በሚገባ የተማረው በ1941 በተጀመሩት የካርቱን ፊልሞች ነው። ኃይሉን የሚሰልበው ክሪፕቶናይት የሚባለው ድንጋይም መጀመሪያ የተሰማው በመጽሐፉ ውስጥ ሳይሆን በ1943 በሬዲዮ ድራማ ነበር፤ ወደ መጽሐፉ የገባው ከዓመታት በኋላ በ1949 ነው። እንግዲህ የጀግናው ክንፍ ከፊልም፣ የጀግናው ድካም ከሬዲዮ የመጣ ከሆነ፣ «ዋናው» የትኛው ነው? ያለዚያ ድንጋይ ሱፐርማን የማይሸነፍ፣ ስለዚህም የማያሳስብ ፍጡር ሆኖ በቀረ ነበር። ታሪኩን የለወጡት ሰዎች አላበላሹትም፤ ዋጋ እንዲከፍል አደረጉት እንጂ።

ስለዚህ ለሁለተኛው ወገን ድል የሰጠሁ ሊመስል ይችላል። አይደለም። «ፊልም ፊልም ነው» ማለትም ማምለጫ ነው። ታሪክን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ የሚያዛውር ሰው ልብሱን፣ ጊዜውን፣ የጀግናውን የፊት ቀለም ሳይቀር ሊለውጥ ይችላል፤ ታሪኩ ያነሣውን ጥያቄ ግን ይዞ መድረስ አለበት። መመዘኛው ይህ ነው እላለሁ። ጀግናው ምን ለበሰ? ብለን ከምንጠይቅ፣ ምን ከፈለ? ማንንስ አስከፈለ? ብለን እንጠይቅ።

በዚህ መመዘኛ ብላክ ፓንተርን እንመልከት። ገጸ ባሕርዩ በሥዕል መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ሲሆን ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ የፈጠሩት ነው። በራያን ኩግለር አዘጋጅነት በየካቲት 2018 ፊልሙ ሲወጣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ደስ አለው። ቅኝ ያልተገዛች የአፍሪካ አገር፣ ተራራ፣ ንጉሥ፣ ወራሪን ያሳፈረ ሕዝብ ሲያይ «ይህማ እኛ ነን» ማለቱ አይፈረድበትም። ነገር ግን እኛ በምዕራብ ወሎ ደጋ የምንኖር ሰዎች ዓይናችንን ማሳረፍ የነበረብን በዋካንዳ ዙፋን ላይ ሳይሆን በሌላ ቦታ ላይ ነበር፤ ይኸውም በሙዚየሙ ላይ።

ፊልሙን ያየ ያስታውሳል። ኪልሞንገር የሚባለው ወጣት በታላቋ ብሪታንያ ወደሚገኝ ሙዚየም ገብቶ በመስታወት ውስጥ የተቀመጡትን የአፍሪካ ዕቃዎች እያየ ለባለሙያዋ ጥያቄ ያቀርብላታል፤ አባቶቻችሁ ይህን በተገቢ ዋጋ ገዝተውት ነው ወይ? ወይስ እንደ ሌላው ሁሉ ቀምተው? የሚል ነው መንፈሱ። ይህ ጥያቄ የሆሊውድ ፈጠራ አይደለም። ከአቀስታ ወደ ሰሜን ሲኬድ በተንታ ወረዳ የቆመው የመቅደላ አምባ ጥያቄ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ያወረደው ዘውድ፣ ጽዋ፣ ታቦትና የብራና መጽሐፍ ዛሬም በለንደን ነው። ፊልሙ በወጣ በሁለት ወሩ፣ በሚያዝያ 2018፣ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የወርቁን ዘውድና ጽዋውን ለሕዝብ አሳየ፤ የሙዚየሙም ኃላፊ ዕቃዎቹ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። ለባለቤቱ የገዛ ዕቃውን ማዋስ! እንዲህ ያለውን ነገር በሥዕል መጽሐፍ ብናነበው «ጸሐፊው አጋነነ» ባልን ነበር።

እንግዲህ የፊልሙ አዘጋጆች ይህን እውነተኛ ጥያቄ በማን አፍ አስቀመጡት? በክፉው አፍ። ጠያቂው ሰው ጥያቄውን በጨረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ባለሙያዋ ተመርዛ ትወድቃለች፤ ጠባቂዎቹም ይገደላሉ። ቆይቶም የገዛ ወዳጁን ይገድላል፤ የአገሩን ቅዱስ ተክል ያቃጥላል። ለምን? ተመልካቹ «ጥያቄውስ ልክ ነው» ብሎ እንዳይከተለው ይመስለኛል። በፊልሙ መጨረሻ ንጉሥ ትቻላ የአገሩን በር ለዓለም ይከፍታል፤ ይህም ከኪልሞንገር የተማረው ነውና ፊልሙ ጥያቄውን ፈጽሞ ጥሎታል አይባልም። ስለ ሙዚየሙ ግን ወደ ኋላ የተመለሰ የለም። የፊልሙ አፍቃሪዎች እስከ ዛሬ «ኪልሞንገር ትክክል ነበር» እና «አልነበረም» እያሉ የሚከራከሩት ለዚህ ይመስለኛል። ክርክሩ የልጅነት ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ድምፅ ነው። ከምርኮ ሞትን የመረጠ ሰው ፍጻሜ ላይ ስንደርስማ፣ የመቅደላ ሰው የሚያውቀው ታሪክ ፊቱ ይቆማል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አጨብጭበን ብንቆም ራሳችንን እናታልላለን። «ፈረንጅ የእኛን ጀግና ክፉ አደረገው» ማለት ቀላል ነው። ከባዱ ነገር የሚመጣው እኛ ራሳችን ቴዎድሮስን እንዴት እንደተረክን ስንጠይቅ ነው።

ቴዎድሮስ የኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የተተረከ ጀግና ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በትያትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን በመድረክ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቴዎድሮስ ሰጥተውናል። «ዋናው ቴዎድሮስ የትኛው ነው?» ብሎ ወደ ዘመኑ ጸሐፊዎች የሚመለስ ሰውም ከአለቃ ዘነብና ከአለቃ ወልደ ማርያም ይደርሳል፤ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው አምርሮ ሲከስ ያገኛቸዋል። እንደ ሱፐርማኑ ሁሉ እዚህም አንድ «ዋና» የለም። የሚያሳዝነው ግን ከሁለቱ ምስክሮች የአንዱ ድምፅ ብቻ በመድረካችን ጎልቶ መሰማቱ ነው።

በመቅደላ አምባ ላይ ሽጉጥ ብቻ አልነበረም፤ ገደልም ነበረ። ንጉሡ ከመሞታቸው ከጥቂት ቀናት በፊት በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች ተገድለው ወደዚያ ገደል ተወርውረዋል። ከለንደን ይመለሱ የምንላቸው መጻሕፍት እንኳ አብዛኞቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ይህን ማስታወስ የእንግሊዝን ዝርፊያ ንጹሕ አያደርገውም፤ አንዱ በደል ሌላውን አያጥብም። ነገር ግን ጀግናችንን ገደሉን ሰውረን የምንተርከው ከሆነ ያደረግነው ነገር ክሪፕቶናይቱን አውጥተን መጣል ነው። የሚቀረን የማይሸነፍ፣ የማይበድል፣ ስለዚህም ምንም የማያስተምር ሥዕል ብቻ ነው።

አሁን ሌላ ጀግና ልጥራ። በ1857 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል የሸዋው ወጣት ምኒልክ ከመቅደላ እስር ቤት አምልጦ ወደ ወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ግዛት ገባ። የወርቂት ልጅ ግን በመቅደላ አምባ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ይህች ሴት ምኒልክን ሰጥታ ልጇን ለመቀበል አሰበች። ቴዎድሮስ ግን ማምለጡን ሲያዩ በቁጣ ልጇን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር ገደሉት። መርዶው የደረሳት ወርቂትም ምኒልክን ወደ አገሩ አሳለፈችው። ያ ወጣት ከ30 ዓመት በኋላ በዓድዋ የዘመተው ንጉሥ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ፍረድ። ኃይል ያላት፣ በእጇ የመንግሥት ዕድል የገባላት፣ በአምባው ላይ የወለደችው ልጅ የታሰረባት እናት! ከዚህ የሚበልጥ የልዕለ ጀግና ታሪክ በየትኛው የኒው ዮርክ ማተሚያ ቤት ወጥቷል? መብረር አላስፈለጋትም፤ የከፈለችውን ግን እናውቃለን። ይሁን እንጂ በየመኝታ ቤታችን ግድግዳ የተለጠፈው የሷ ሥዕል አይደለም። ስሟን ከወሎ ውጭ ስንቱ ያውቀዋል? በወሎስ ውስጥ?

«በአገራችን የሥዕል ጀግና የለም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ዕጣን ኮሚክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. «ጀምበር»ን አውጥቶልናል፤ ቆይቶም «ሐዊ» የተባለች ሴት ጀግና ተከትላዋለች። የጀምበር ታሪክ የሚጀምረው ከኮሌጅ ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ ከሚፈልግ ወጣት ነው። ይህን አሳብ ያሰበ ሰው ተማሪውን ያውቀዋል፤ ዲግሪ ይዞ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ከመቆም የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ኃይል የለምና። ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለው ጅምር የምናደርግለት ውለታ «የእኛ ስለሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ማጨብጨብ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የራስንም ወርቅ ሳይፈትኑ ማጥለቅ ግን አያኮራም። የባሕር ማዶውን ፊልም በምንመዘንበት ሚዛን የራሳችንንም እንመዝነው፤ ምን ከፈለ? ማንን አስከፈለ? እንበለው። ደራሲን የሚያሳድገው ይህን የሚጠይቅ አንባቢ ነው።

በመጨረሻም ለሥዕል ዝንባሌ ላላቸው ጓደኞቻችን አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. በክሊቭላንድ ከተማ ጄሪ ሲገል የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልክ እንደዚህችኛዋ በማባዣ መኪና የምትታተም መጽሔት ነበረችው። በዚያች መጽሔት ላይ ጓደኛው ጆ ሹስተር ሥዕሉን የሣለለትን አንድ አጭር ታሪክ አወጣ። የታሪኩም ሰው ሱፐርማን ነበረ፤ ያውም ጀግና ሳይሆን ክፉ ሰው! ሁለቱ ወጣቶች ክፉውን ጀግና ለማድረግ፣ አሳባቸውንም ለገበያ ለማብቃት 5 ዓመት ፈጀባቸው። ሲሸጡትም ያገኙት 130 ዶላር ብቻ ነበር፤ ይህም መብትን በርካሽ ስለ መሸጥ ለወጣት ሠዓሊ ትምህርት ይሁነው።

ስለዚህ ወረቀት አነሰ፣ ቀለም ጠፋ ብለን አናመካኝ። ማባዣ መኪና ቀለም አይወድም፤ ጥቁር መስመር ግን ይበቃዋል። የመቅደላ ተራራ ስሙን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥቷል፤ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች በየቀኑ ያንን ስም በመታወቂያቸው ይዘው ይዞራሉ። ከእነሱም ሆነ ከእኛ መካከል አንድ ሰው እርሳሱን ያንሣና ስድስት ገጽ ይሣል። ቴዎድሮስን ከነገደሉ፣ ወርቂትን ከነልጇ፣ ዘውዱን ከነመስታወቱ ይሣል። ከዚያ በኋላ «እንዲህ አልነበረም» የሚል ወገን ይነሣ፤ «ነበረ እንጂ» የሚልም ይመልስለት። ክርክሩ ያኔ ስለ ራሳችን ጀግኖች ይሆናል።