ደኅናው ተመልሶ ክፉው የሚሸጥበት ገበያ

የውበት ሥራ ከፀጉር ቤት ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት እየገባ ነው። ቀድሞ ካስክ ሥር ለመቀመጥ የቅዳሜን ከሰዓት በወረፋ ታሳልፍ የነበረች የቢሮ ሠራተኛ ዛሬ ፔስትራዋን ከመስተዋቷ አጠገብ ሰክታ ጉዳይዋን በግማሽ ሰዓት ትጨርሳለች። ወጣቱም ጢሙን በራሱ ማሽን ይከረክማል። በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችና በቴሌግራም ገበያዎች ደግሞ ከፔስትራና ከፀጉር ማድረቂያ ያለፈ አዲስ ዓይነት ዕቃ መታየት ጀምሯል። በብርሃን ብልጭታ የሰውነት ፀጉር ያስወግዳል የሚባል መሣሪያ አለ፤ ቀይ ብርሃን የሚያበራ የፊት ጭምብል አለ፤ በቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል ፊት ያጠብቃል የሚባልም አለ።

ይህ የሴቶች ወሬ ነው ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ያሰበ ነጋዴ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ታላላቆቹ የዓለም ኩባንያዎች ይህን ገበያ እንደ ቀልድ አላዩትም። በአቧራ መጥረጊያ ማሽን የሚታወቀው የእንግሊዙ ዳይሰን እ.ኤ.አ. በ2016 የፀጉር ማድረቂያ ይዞ ሲመጣ በአሜሪካ የቆረጠው ዋጋ 399 ዶላር ነበር። ብዙዎች ለፀጉር ማድረቂያ ይህን ያህል ማን ይከፍላል አሉ። ከፋይ ግን አልጠፋም፤ ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ ፀጉር መጠቅለያውን አስከተለ። ፊሊፕስና ብራውንም በብርሃን ፀጉር የሚያስወግዱ መሣሪያዎችን ለቤት አገልግሎት ከሚያመርቱት መካከል ናቸው።

በእኛ አገር የፍላጎቱ ምክንያት ስሌት ነው። አንዲት ደንበኛ ለፀጉር ቤት በሳምንት 400 ብር ታወጣለች እንበል። 4,500 ብር የሚሸጥ መሣሪያ ብትገዛ በሦስት ወር ገደማ ገንዘቧን ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፏ ነው። ዕቃውን ገዝታ ጎረቤቶቿን በክፍያ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ካፒታል ሆነ ማለት ነው።

አቅርቦቱ ግን ብዙ ውጣ ውረድ አይቷል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት መዋቢያና ሽቶን ጨምሮ 38 ዓይነት ሸቀጦች ከባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ እገዳውም ተነሣ። በዚያው ሰሞን በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በቀድሞው ተመን 1,710 ብር ይወጣበት የነበረ የ30 ዶላር መሣሪያ፣ ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ 4,500 ብር ይሆናል። ቀረጡ፣ ሱር ታክሱና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልተጨመረም። በሩ ተከፍቷል፤ የመግቢያው ዋጋ ግን ንሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ አስመጪው ርካሹን ዕቃ እንዲመርጥ የሚገፋፋው ብዙ ነው። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያው የማን ቆዳ ያውቃል?

በብርሃን ፀጉር የሚያስወግደውን መሣሪያ እንውሰድ። በንግዱ ቋንቋ አይ.ፒ.ኤል. ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። መሣሪያው ብልጭ ሲል ብርሃኑን የሚይዘው በፀጉር ውስጥ ያለው ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም ነው። ቀለሙ ይሞቃል፤ ሙቀቱም የፀጉሩን ሥር ያዳክማል። ስለዚህ መሣሪያው ጥሩ ውጤት የሚያሳየው ፀጉሩ ጥቁር፣ ቆዳው ነጣ ያለ በሆነ ሰው ላይ ነው።

ችግሩ ሜላኒን በፀጉር ውስጥ ብቻ የማይገኝ መሆኑ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ውስጥም በብዛት አለ። ብልጭታው ፀጉሩ ሥር ከመድረሱ በፊት ቆዳው ይቀበለዋል። ውጤቱ ቃጠሎ፣ ውኃ መቋጠር ወይም ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊሆን ይችላል። የቆዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ባወጣው መለኪያ የሰውን ቆዳ ከነጩ እስከ ጥቁሩ በስድስት ደረጃ ይከፍሉታል። ስመ ጥር አምራቾች የቤት መሣሪያቸውን በጣም ጥቁር ቆዳ ላይ እንዳትጠቀሙ ብለው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ሐኪም ቤት ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ሆኖ የሚመረጠው ሌዘር 1,064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ይህ ከቤቱ መሣሪያ የተለየ ነው።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ አዲስ አበባ ገባ እንበል። ደኅናው ዓይነት የቆዳን ቀለም የሚለይ ሴንሰር አለው፤ ቆዳው ከተፈቀደው በላይ ጠቆር ካለ ብልጭ አልልም ይላል። ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ትሞክረዋለች፤ መሣሪያው ዝም ይላል። በማግስቱ "የሸጣችሁልኝ ዕቃ አይሠራም" ብላ ትመልሰዋለች። ርካሹ አስመስሎ የተሠራው ግን ሴንሰር የለውም፣ ወይም ያለው ለስም ያህል ነው። ማንም ቆዳ ላይ ቢያሳርፉት ብልጭ ይላል። በካርቶኑ ላይ 999,999 ብልጭታ ይሰጣል ተብሎ ተጽፏል። ገዢዋ ሲበራ ስታይ ደስ ይላታል። ጉልበቱ ትንሽ ከሆነ ምንም አይሠራም፤ ብርቱ ከሆነ ደግሞ ያቃጥላል። ጥቁረቱ ቀናት ቆይቶ ሲመጣ በፀሐዩ ወይም በሳሙናው ታመካኛለች እንጂ ዕቃውን አትመልስም።

በሌላ አነጋገር ደኅናው መሣሪያ ይመለሳል፤ ክፉው ይቀራል።

የሎሚው ታሪክ

ኢኮኖሚስቶች ለዚህ በሽታ ስም አላቸው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ ነበር። አሜሪካኖች ብልሽቱ ተሸፍኖ የተሸጠ መኪናን "ሎሚ" ይሉታል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር ለደኅናውም ለመጥፎውም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው መሸጡን ይተወዋል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው ሎሚው ይሆናል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የእኛ ገበያ ከአከርሎፍም የባሰ ነው። በእሱ ምሳሌ ቢያንስ ሻጩ ያውቃል። እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሻጩም አያውቅም።

ነጋዴው ለምን ወደ ክፉው እንደሚያዘነብል በቁጥር እንየው። አንድ ደኅና መሣሪያ ሱቅ እስኪደርስ 6,500 ብር ፈጅቶ በ8,000 ብር ይሸጣል እንበል። ትርፉ 1,500 ብር ነው። አንዱ ቢመለስና እንደ አዲስ መሸጥ ባይቻል 6,500 ብር ጠፋ። ከአምስት ዕቃ አንዱ ከተመለሰ የአራቱ ትርፍ 6,000 ብር፣ የአንዱ ኪሳራ 6,500 ብር ነው። ነጋዴው አምስት ዕቃ አንቀሳቅሶ 500 ብር ከሰረ። በሚቀጥለው ጉዞ ጓንዡ ወይም ዪዉ ሲሄድ የማይመለሰውን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል?

ፈራጁ ጊዜ ነው። የቆዳ ጥቁረት የሚደበቅ ነገር አይደለም። ወሬው በፀጉር ቤት፣ በቢሮና በሠርግ ቤት ይዞራል። ያን ጊዜ የሚጠላው አንድ ሱቅ ብቻ አይሆንም፤ "እነዚህ ዕቃዎች" ተብሎ ገበያው በሙሉ ይጠላል። ጥሩ ፔስትራ ያስመጣውም አብሮ ይመታል።

ሌላም ቀዳዳ አለ። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእኛ መሥመር 220 ቮልት ነው። ፔስትራ ወይም ፀጉር ማድረቂያ ያለ መቀየሪያ ቢሰካ በደቂቃ ውስጥ ይነዳል፤ ሶኬቱንና ቤቱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለሁለቱም የሚሆነው ዕቃ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ይጻፍበታል። ይህን ሳያነቡ የሚሸጡ አሉ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃም ሞልቷል። "መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ" የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም።

ውጭው ሲጠብቅ

በሩቅ አገር የሚወጣ ደንብ መርካቶን አይመለከትም የሚል ካለ ይህን ልብ ይበል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ ፀጉር ማስወገጃ የብርሃን መሣሪያን ለውበት ብቻ ቢሆንም እንኳ በዚያው ቁጥጥር ሥር አስገብቶታል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ማስታወቂያ በሬዲዮ ሞገድ ቆዳ የሚያሞቁ መሣሪያዎች ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የሕክምና መሣሪያዎች ተርታ ተመዝግበው ካልሆነ እንዳይሸጡ ወሰነች። ቀነ ገደቡ መጀመሪያ ኤፕሪል 2024 ነበር፤ ኋላ ወደ ኤፕሪል 2026 ተራዘመ።

ይህ ለአስመጪ ምን ማለት ነው? በአገሩ መሸጥ ያልቻለ ዕቃ መድረሻ ይፈልጋል። ቁጥጥር የላላበት አገር ደግሞ ጥሩ መድረሻ ነው። ነገ ከአቅራቢው "ልዩ ቅናሽ" ሲቀርብላችሁ ቅናሹ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ብልህነት ነው።

በእኛ በኩል በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለገዛ ሸማች የማስለወጥ ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብት ሰጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የሕክምና መሣሪያን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሰጥቷል። ዳሩ ግን የቤት የብርሃን መሣሪያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፣ መዋቢያ ነው ወይስ የሕክምና መሣሪያ? ባለሥልጣኑ ይህን በግልጽ ለይቶ ቢያሳውቅ ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው ሐቀኛው አስመጪ ነው።

ምን ይሻላል?

መንግሥት እስኪመጣ መጠበቅ ግን የነጋዴ ባሕርይ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከእጃችን ያልወጡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የዕቃ ምርጫ ነው። የቆዳን ቀለም የማይለይ ገበያ ሰፊ ነው። ጢም መከርከሚያ፣ ፀጉር ከሥሩ የሚነቅል ማሽን፣ ሙቀቱ በዲግሪ የሚስተካከል ፔስትራ ለሁሉም ሰው ይሠራሉ። ካፒታሉ ትንሽ የሆነ ነጋዴ ከእነዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ሁለተኛው የብርሃን መሣሪያውን አስመጣለሁ ለሚል ነው። ከመሸጡ በፊት በሱቁ ውስጥ የገዢዋን ቆዳ በሴንሰሩ ይሞክር፤ ለማን እንደማይሆንም በአማርኛ ጽፎ ይለጥፍ። የማይሆናት ደንበኛ ያለ ዕቃ ትውጣ ማለት አይደለም፤ የሚሆናትን ሌላ ዕቃ ይሽጥላት። ያን ጊዜ ከላይ ያሰላነው የ6,500 ብር ኪሳራ አይመጣም። ደላላውም ኮሚሽኑን በተሸጠው ሳይሆን ተሸጦ ባልተመለሰው ላይ ቢዋዋል፣ ያገናኘውን ዕቃ እየለየ ያመጣል።

ሦስተኛው ዋስትናና ጥገና ነው። አከርሎፍም ለሎሚው በሽታ መድኃኒት ብሎ ከጠቀሳቸው አንዱ ዋስትና ነው። የስድስት ወር ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ በዕቃው እንደሚተማመን ያሳያል፤ ሎሚ የሚሸጥ ሊሰጠው አይደፍርም። ገመድ፣ ባትሪና ማብሪያ ማጥፊያ የሚቀይር አንድ ባለሙያ መቅጠር ለከተማው ባለሀብት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

"እኔ አይሆንሽም ብላት ጎረቤቴ ይሸጥላታል" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዛሬው ሽያጭ እውነት ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ነገ ዋስትናውንና የጥገና ክፍሉን ይዞ የሚመጣ ተወዳዳሪ በዋጋ ላይበልጠን ይችላል። የሚያሸንፈን፣ ፊቷ የጠቆረባት ደንበኛ ከእኛ ሸሽታ ወደ እሱ ስትሄድ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ስሙን ሊያተርፍ የሚፈልግ ነጋዴ ሥራውን ከቀጣዩ ትእዛዝ መጀመር አለበት።