የራውተሩ ወረፋ ሕግ ይለጠፍልን

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በመኝታ ቤታችን የኢንተርኔቱ መስመር እንደሚታነቅ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። ባለፈው ወር አንድ የክፍል ጓደኛችን ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ከአማካሪ መምህሩ ጋር በኢንተርኔት ሲነጋገር ድምፁ ሦስት ጊዜ ተቋረጠበት። በዚያው ሰዓት በጎረቤት ክፍል ፊልም በፊልም ላይ ይወርድ ነበር። አቤት ብንል የሚመለከተው ክፍል ማታ ማታ ቪዲዮ ሁሉ እንዲዘገይ አደረገ። በዚህም መፍትሔ ከፊልሙ ጋር የተቀዳው የታሪክ ትምህርታችንም አብሮ ተቀጣ።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ዳሩ ግን ነገሩ የሽቦ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ስለሆነ ዝም ማለት አይገባንም።

ራውተር ማለት በመስመሩ በር ላይ የቆመ ወረፋ አስከባሪ ነው። የምንልከውና የምንቀበለው ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ በእርሱ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ፓኬት ባለ 6 ቢት ምልክት ይይዛል፤ በዚህም 64 ዓይነት ቁጥር ሊጻፍ ይችላል። ለድምፅ የተለመደው 46 ነው። ድምፅ የሚፈልገው ስፋት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መዘግየትን አይችልም። ፊልም ግን አስቀድሞ እየተከማቸ ስለሚታይ ጥቂት ቢጠብቅ አይጎዳም። እንግዲህ ድምፅን ማስቀደም አድልዎ አይባልም።

ይሁን እንጂ ምልክቱን ላኪው ራሱ ሊጽፈው ይችላልና፣ ከመካከላችን ብልጥ ነኝ ባይ ፊልሙን 46 ብሎ ቢያሳልፍ ራውተሩ ሊያምነው አይገባም። ለዚህ የሚበጀው ጆን ኔግል የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ላኪ የራሱን ወረፋ ሰጥቶ ሁሉንም በየተራ ማስተናገድ ነው። ያን ጊዜ ብዙ የሚያወርድ ሰው የራሱን ወረፋ ያስረዝማል እንጂ የጎረቤቱን ድርሻ አይበላም። ደግሞም መስመሩ 100 ሜጋቢት ቢሆን ራውተሩ 95 ያህል ብቻ እንዲያሳልፍ መወሰን ይገባል። አለዚያ ወረፋው ሕጋችን በማይደርስበት በአቅራቢው መሣሪያ ላይ ይከማቻል።

«መስመሩ ይስፋ እንጂ ወረፋ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እኛም ይስፋ እንላለን፤ ራውተር አከፋፋይ እንጂ አምራች አይደለምና። ነገር ግን ሕግ ከሌለ ሰፊውንም መስመር ጥቂቶች ይሞሉታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የተሰወረ ሕግ ነው። በአሜሪካ ኮምካስት የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን ቢትቶረንት በስውር ያደናቅፍ ነበርና፣ የአገሩ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን እንዲተውና አሠራሩን እንዲገልጽ አዘዘው። ትእዛዙን ፍርድ ቤት በ2010 ቢሽረውም፣ ጥያቄው እስከ ዛሬ የእኛም ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ድምፅ ይቅደም፣ የቀረው ለየሰው እኩል ይከፈል፣ ትምህርት በቪዲዮነቱ አይቀጣ እንላለን። ደንቡም ሲወጣ የተማሪ ተወካይ ይኑርበት። በምግብ አዳራሹ በር ላይ የምሳ ሰዓት ተለጥፎ እናነባለን፤ የራውተሩም ወረፋ እንዲሁ ተለጥፎ ይነበብ።