የተሸፈነው ቆብ

ባለፈው ሳምንት የሲኒማ ክበባችን የአሌን ሬኔን «ሌሊትና ጉም» ባሳየን ጊዜ፥ ከአዳራሹ ስንወጣ የብዙዎቻችን ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ዳሩ ግን በኋላ በተደረገው ክርክር ሁሉም ስለ ናዚዎች ጭካኔ ሲናገር፥ በፈረንሳይ አገር እነዚያን ሰዎች ከየቤታቸው አውጥቶ ያስረከባቸው ማን እንደ ሆነ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። በማግሥቱ ስለ ፊልሙ ሳነብ ግን የታየን ቅጂ መልሱ የተሸፈነበት ኖሮ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬኔ ይህን የ32 ደቂቃ ፊልም በ1955 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሠርቶ ለፈረንሳይ ሳንሱር ሲያቀርብ፥ ሳንሱሮቹ አንድ ፎቶግራፍ እንዲወጣ ጠየቁ። በፎቶግራፉ ላይ የእስረኞችን ሰፈር የሚጠብቅ አንድ ሰው ከጀርባው ይታያል። ፊቱ አይታይም፤ የሚለየው በቆቡ ነው። ቆቡም የጀርመን ሳይሆን የፈረንሳይ ዣንዳርም ቆብ ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ፎቶግራፉ ሳይወጣ፥ በቆቡ ላይ ግን ወራጅ እንጨት የሚመስል ነገር በቀለም ተሣለበት። ቆቡ እንደገና የተገለጠው ፊልሙ በ1997 ዓ.ም. ሲታደስ ነው።

አንድ መንግሥት ስለ አንድ ቆብ ይህን ያህል መጨነቁ ያስቅ ይሆናል። ሳንሱሮቹ ግን ሥራቸውን ያውቁ ነበር። በሐምሌ 16 እና 17 ቀን 1942 ዓ.ም. በፓሪስና በአካባቢዋ 13,152 አይሁድ ሲያዙ፥ ከእነዚህ 4,115ቱ ሕፃናት ነበሩ። በር እያንኳኩ የያዟቸው የፈረንሳይ ፖሊሶች ናቸው፤ በእጃቸው የነበረውም የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያዘጋጀው የስም ካርድ ነው። ባለ ቤተሰቦቹ ቬሎድሮም ዲቬር በተባለው የብስክሌት መወዳደሪያ አዳራሽ ከታጐሩ በኋላ ወደ ፒቲቪዬና ወደ ቦን ላ ሮላንድ ተወሰዱ። እዚያ እናቶች ከልጆቻቸው ተነጥለው ቀድመው ተላኩ። ልጆቹ ተከተሉ። መጨረሻቸው አውሽቪትዝ ነበር። ሕፃናቱም እንዲጨመሩ ሐሳቡን ያቀረበው የቪሺው መንግሥት መሪ ላቫል ነው፤ ጀርመኖች ገና አልጠየቁትም ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች «ፖሊስ ታዛዥ ነው፥ ምን ያድርግ?» ይላሉ። የተዘጋጀው ካርድ ከ27,000 በላይ እንደ ነበረ ያስተውሉ። የተያዙት ከዚያ ግማሽ አይሞሉም። ከምክንያቶቹ አንዱ ከፖሊሶቹ መካከል አስቀድመው ወሬውን ያሾለኩ መኖራቸው ነው። እንግዲህ ከቆቡ ሥር ራስ ነበረ ማለት ነው።

ሬኔ መሸፈኑን በመቀበሉ ፈሪ ነው ያለኝ ጓደኛ አለ። በዚህ አልስማማም። እምቢ ቢል ፊልሙ ፈቃድ ባላገኘ ነበር። ዘመኑም የአፈሳው ጊዜ የፖሊስ ዋና ጸሐፊ የነበረው ረኔ ቡስኬ በ1949 ዓ.ም. ተከሶ አምስት ዓመት ከዜግነት መብቱ እንዲታገድ ተፈርዶበት ወዲያው ይቅር የተባለበት ዘመን ነው። እኔ የምወቅሰው በሌላ ነው። ራሱ በማውትሃውዘን ታስሮ የነበረው ዣን ካይሮል በጻፈው ንባብ ውስጥ «አይሁዳዊ» የሚለው ቃል የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ፥ ስለ አንድ የአምስተርዳም ተማሪ ሲነገር ነው። ለዚህስ ሳንሱርን ማመካኘት አይቻልም።

በ1994 ዓ.ም. በፓሪስ የቆመው የዋልተር ስፒትዜር ሐውልትም ያንኑ ያስታውሰኛል። ጓዛቸውን ይዘው የሚጠብቁ እናት፥ አባት፥ ሕፃናት አሉ፤ ፖሊስ የለም። ቀራፂው ከአውሽቪትዝ የተረፈ ሰው ስለ ሆነ ማንን ይቅረፅ ብዬ ላዘው አልደፍርም። ቢሆንም ባለሥልጣን ሳይሸማቀቅ አበባ የሚያኖርበት ሐውልት ነው። ፕሬዚዳንት ሺራክ የፈረንሳይን መንግሥት ጥፋት በግልጥ ያመነው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የጆሴፍ ሎዚ «ሙሴ ክላይን» ግን ፖሊሶቹ ለአፈሳው ካርድና መኪና ሲያሰናዱ ያሳየው በ1976 ዓ.ም. ነበር።

ስለዚህ ክበቡን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። «ሙሴ ክላይን»ን ያሳየን። የ«ሌሊትና ጉም»ንም የታደሰ ቅጂ ያስመጣልን፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወንድማችንም ያ ፎቶግራፍ ሲደርስ ጥቂት ያቁምልን፥ ከኋላ የሚቀመጡትም እንዲያዩት።