የሰይጣንን ዓይን ስለ መዋስ

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን አዳራሽ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስሙ ለመኪናው የሚገባ አልነበረም፤ መኪናው ብርሃንና ጥላን አያይዞ ከማሳየት በቀር ያደረገው ነገር የለምና። ዛሬ ያ አዳራሽ በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም በየወጣቱ ኪስ በስልክ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ይኸውም ክፉ መንፈስ በሥዕል በሚገለጥበት ጊዜ ተመልካች በማን ዓይን ይየው የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ ሠዓልያን ለዚህ ሥርዐት ነበራቸው። ቅዱሳንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሥላሉ፤ ሰይጣንንና የሰማዕታትን ገዳዮች ግን በልማድ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው በአንድ ዓይን ያሳያሉ። ስለዚህ ተመልካች ክፉውን ያያል፤ ዓይን ለዓይን የሚገጥመው ግን ከቅዱሱ ጋር ነው።

የአስፈሪ ፊልም ጥበብ ይህን ሥርዐት ቀስ በቀስ ገለበጠው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1896 ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜሊየስ ካሜራውን አቁሞ፣ የሚታየውን ለውጦ፣ እንደ ገና በማስኬድ የሌሊት ወፍን ዲያብሎስ አድርጎ አሳየ፤ ይህ የምትሐት ጨዋታ ነበር። በ1922 ጀርመናዊው ሙርናው በ«ኖስፌራቱ» ደም መጣጩን ሙት ትቶ ጥላው ብቻ ደረጃ ሲወጣ አሳየ፤ ተመልካቹ ገና በራሱ ስፍራ ቆሞ ነበር። በ1981 በወጣው «ዘ ኢቭል ዴድ» ግን አሜሪካዊው ሳም ራይሚ ካሜራውን ከሳንቃ ጋር አሰረው፤ ሁለት ሰዎችም ሳንቃውን ግራና ቀኝ ይዘው፣ ወደ ምድር ዝቅ አድርገው በጫካ ውስጥ ሮጡ። በዚህ ጊዜ መንፈሱ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው እርሱ የሚያየው ነው። ተመልካቹም ሳያውቀው የአሳዳጁን ዓይን ተውሶ ተሳዳጆቹን ያሳድዳል።

«ይህ ተረት ነው፤ መብራት ሲበራ ያልቃል፤ ማን ተጎዳ?» የሚል ቢኖር እንዲህ ተብሎ ይመለስለታል። በ1973 «ዘ ኤክሶርሲስት» በተሠራ ጊዜ የተዋንያኑ ትንፋሽ እንዲታይ ክፍሉን በማሽን እጅግ አቀዘቀዙት፤ አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረችውም አሻንጉሊት ነበረች። ተንኮሉ በቲያትር ውስጥ ሲኖር አይነቀፍም። የሚነቀፈው ከቲያትር ወጥቶ የሕያው ሰው መመልከቻ ሲሆን ነው። ዛሬ ጠበል ሊጠመቅ በመጣ ሕመምተኛ ላይ ስልክ የሚያነሣ አለ፤ ወደ ፊቱ አስጠግቶ ይቀርጻል፤ የሚያስደነግጥ ድምፅ ጨምሮም ለዓለም ይበትናል። ያን አቀራረጽ ከወዴት ተማረው? ከአስፈሪው ፊልም አይደለምን?

በአዲስ አበባና በሱሉልታ መካከል በሚገኘው በእንጦጦ ሕሙማን ይጠመቃሉ፤ በቡራዩ በኩል በገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ያገግማሉ። የሕመሙን ምክንያት ካህንና ሐኪም ይለዩት። ሕመምተኛው ግን ስም ያለው፣ እናት ያለችው ሰው ነው፤ ነገ ድኖ ወደ መንደሩ በተመለሰ ጊዜ ያ ሥዕል ቀድሞት ገብቶ ያገኘዋል። ጎረቤትም ይሸሸዋል፤ ሥራም ይከለከላል። እንግዲህ የተጎዳው ይህ ነው።

«እንግዲያስ ሲኒማ ይቅር» ማለት ደግሞ የጥንቱን ስም አጥፊነት መድገም ነው። ፊልም ሠሪዎች ፍርሃትን ያሳዩ፤ ነገር ግን ካሜራውን ከሚያሳድደው ጀርባ አንሥተው ከአስታማሚዋ እናት አጠገብ ያቁሙት። በሰበታ ዓይነ ስውራን በጣታቸው እየዳሰሱ ፊደል ይለያሉ፤ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ዓይኑን ለአሳዳጅ ቢያውስ በእነርሱ ፊት ምን መልስ ይሰጣል?

ካሜራ በተፈጥሮው እንደ ሠዓሊው ሰይጣን ባለ አንድ ዓይን ነው። ሁለተኛውን ዓይን የሚጨምርለት የያዘው ሰው ነው፤ እርሱም ርኅራኄ ይባላል።